ሰሜን ተራሮች በእግር፦ ከቀኑ በፊት ሌሊቱን አቅዱ

ጓደኞቼ ሰሜን ተራሮችን በእግር መሄድ ሲያምራቸው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ «የት የት ልታድሩ አስባችኋል?» እላቸዋለሁ። ኪሎ ሜትሩን እግር ቀስ በቀስ ይለምደዋል። ራስ ምታቱ፣ ብርዱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ አልበስል የሚለው ምስር ግን ሁሉም የሚመጣው ማታ ነው። ማታውን በደንብ ያሰበ ሰው ቀኑን ብዙም አይቸገርም።

እኔ ስፖርተኛ አይደለሁም። ሥራዬ ባንክ ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። እናቴ «ምን ጎድሎሽ ነው ገደል ለገደል የምትዞሪው?» እያለች ስንቄን ትቋጥርልኛለች። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደኔ ላለ የቢሮ ሰው ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የመንገዱን ሰላም ሳታጣሩ ትኬት አትቁረጡ። ደባርቅ ላለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውሉ። ጎንደር ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁም ጠይቁ። «ሰላም ነው» ከተባላችሁ በኋላም ልትነሱ ሁለት ቀን ሲቀራችሁ ድጋሚ ጠይቁ። መልሱ ካላማራችሁ ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

የት ይታደራል?

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 2,850 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ማደሪያዎቹ ይቀጥላሉ። ሳንቃ በር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር ገደማ ናቸው። እነዚህን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፏቸውና ቀናንሷቸው። ደባርቅ አድራችሁ በማግስቱ ሳንቃ በር ብታድሩ 400 ሜትር ጨመራችሁ። ከሳንቃ በር ግጭ 350። ከግጭ ጨነቅ ምንም አልጨመራችሁም ማለት ይቻላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን የማደሪያችሁን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ የሚል የታወቀ ምክር አለ። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ ምክሩ ራሱን ያሟላል።

አሁን ደግሞ «ጊዜ የለኝም» የሚለውን ሰው አስቡት። ጠዋት ከአዲስ አበባ በረረ። ጎንደር መኪና ተቀበለው። የመኪናው መንገድ ጨነቅ ድረስ ስለሚገባ ማታውን እዚያው ድንኳን ተከለ። በአንድ ቀን ከ1,200 ሜትር በላይ ወጣ ማለት ነው። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን መጥቶ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት ብቻ ያደረ ዘመድ አብሮት ካለ ደግሞ የዘመድየው ነገር የባሰ ነው። ያ ሰው ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ በሁለት ቀን 3,600 ሜትር ላይ ሊተኛ ነው።

«እኛ ሐበሾች ደገኞች ነን፣ ከፍታ አይነካንም» የሚል ፉከራ አለ። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው በእርግጥ ትንሽ ይቀለዋል፣ 2,300 ሜትር ላይ መኖር ዋጋ አለው። ግን ከ3,500 በላይ ሲሆን ፉከራው አይሠራም። ብርቱ ጎረምሳ በግጭ ሜዳ ላይ ራሱን ይዞ ሲቀመጥ፣ የአርባ ዓመት ሴትዮ ቀስ እያለች ታልፈዋለች። ጎረምሳው ሮጦ ነው የወጣው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ምልክቶቹን እወቁ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ እንቅልፍ እንቢ ማለት። እነዚህ ሲመጡ ወደ ላይ መሄድ ይቆማል። እዚያው እረፍት፣ ውሃ፣ ሻይ። ከቀለለ በማግስቱ ትቀጥላላችሁ። ካልቀለለ ወደ ታች ነው። በጣም የሚያስፈሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው ሰውየው ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ሲያጥረውና ሲያስለው ነው። ሁለተኛው ንግግሩ ሲምታታና እንደሰከረ ሲንገዳገድ። ከተጠራጠራችሁ መሬት ላይ በዱላ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩና ተረከዙን ከፊተኛው እግር ጣት እያስነካ መስመሩን ይዞ እንዲሄድ አድርጉት። ካቃተው ሌሊትም ቢሆን መውረድ ነው፤ እስኪነጋ እንይ አይባልም።

እዚህ ላይ ሌሊቱን ማቀድ ለምን እንደሚጠቅም ታያላችሁ። ሳንቃ በርና ጨነቅ መኪና ይደርሳል። ግጭ አይደርስም፤ ከዚያ የሚያወጣችሁ በቅሎ ነው። ሳንቃ በር ላይ ራሱን ሲያመው ያደረን ሰው «ይለቀዋል» ብላችሁ ወደ ግጭ አትውሰዱት። የከፍታ መከላከያ ክኒን፣ ዳያሞክስ የሚባለውን፣ መውሰድ የምትፈልጉ ካላችሁ ከጉዞው በፊት ሐኪም አማክሩ። የእንቅልፍ ክኒን ይቅርባችሁ። «ለብርድ» ተብሎ የሚቀርበው አረቄም እንደዚያው። አረቄው ለመመለሻው ደባርቅ ይጠብቃችኋል።

ወቅቱ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጥሩ ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ዝናብና ጉም ነው፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ነጭ ነገር ብቻ ታያላችሁ። ለኔ የሚበልጠው ጥቅምት ነው። ሳሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ የጅንባር ፏፏቴም ውሃ አለው። ከጥር በኋላ እየቀጠነ ይሄዳል። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጥምቀት ሰሞን ከሆነ ጎንደር አልጋ ስለማይገኝ ቀድማችሁ ያዙ።

ስለ ወቅቱ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ይዘልቃል። ምርጡ የመንገድ ወቅት መሐል ላይ ነው ማለት ነው። አብሯችሁ የሚሄደው ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) እና በቅሎ ነጂው ጿሚዎች የመሆናቸው ነገር የሰፋ ነው። ቋንጣ ፍርፍር ሠርታችሁ «ብሉ እንጂ» ብትሏቸው ትዝብት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስም ይኖራል። ዘይት፣ ሽሮና ድርቆሽ በርከት አድርጋችሁ ያዙ። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በቀር ዓመቱን ሙሉ አሉ።

ስንቅ

ውጭ አገር ሰው ለተራራ ብሎ በውድ የሚገዛው ደረቅ ምግብ እኛ ቤት ጓዳ ውስጥ አለ። ድርቆሽ ክብደት የለውም፣ አይበላሽም። ማታ ሽንኩርትና በርበሬ በዘይት አቁላልታችሁ፣ ውሃ ጨምራችሁ፣ ሲፈላ ድርቆሹን ስትጥሉበት በደቂቃዎች ውስጥ ፍርፍር ነው። እናቴ ድርቆሹን በደንብ ታደርቀዋለች፤ ጣት ውስጥ ቀጭ ካላለ «ገና ነው» ብላ ፀሐይ ላይ ትመልሰዋለች። እውነቷን ነው። እርጥበት የቀረው እንጀራ ቦርሳ ውስጥ ይሻግታል።

በሶ ሌላው ነው። ጠዋት ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በጥብጣችሁ፣ ስኳር ወይም ማር ጨምራችሁ መጠጣት ነው፤ እሳት አይፈልግም። ለማይጾም ሰው ጭኮ ከዚያ ይበልጣል፤ ቅቤው ለብርዱ ጉልበት ይሆናል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ኪስ ውስጥ ይሁኑ፤ ቦርሳ ውስጥ ከገቡ ማንም ቆሞ አያወጣቸውም።

አሁን ወደ ምስሩ ልመለስ። ግጭና ጨነቅ ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሲንተከተክ ታያላችሁ እንጂ ሙቀቱ አዲስ አበባ እንደምታውቁት አይደለም። ስለዚህ ባቄላ፣ ድፍን ምስርና ሽምብራ ጋዝ ይጨርሳሉ እንጂ አይበስሉም። ሽሮ፣ ክክ የሆነ ቀይ ምስር፣ መኮሮኒ ካላችሁም ቀጭኑን ያዙ። የቡታጋዝ ሲሊንደር አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፤ ምድጃውንና ጋዙን ጎንደር ወይም ደባርቅ ላይ ከምትቀጥሩት ምግብ አብሳይ ጋር ተነጋገሩ። የአስታ ዛፍ ቆርጦ እሳት ማንደድ ፓርኩ ውስጥ ክልክል ነው።

የምንጭ ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም ከላይ ከብት አለ። ቢያንስ 3 ደቂቃ አፍሉት፣ ወይም ውሃ አጋር ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

የምትይዙት

ውድ ዕቃ መግዛት ግዴታ አይደለም። መርካቶ ሳልቫጅ ተራ ታግሶ ለፈለገ ሰው ጥሩ ጃኬትና የሱፍ ሹራብ ይገኛል። ገንዘብ ማውጣት ያለባችሁ ሦስት ነገር ላይ ነው፦ ጫማ፣ የመኝታ ከረጢት፣ ከሥር የሚነጠፍ ፍራሽ። ፍራሹን ሰው ይንቃል። ብርዱ ግን ከላይ ብቻ አይመጣም፤ መሬቱ ከጀርባችሁ ሙቀት ሲስብ ያድራል። ስፖንጅ ቢሆንም አንጥፉ። ጋቢ ካላችሁ በላዩ ላይ ጣል።

ጫማው አዲስ አይሁን። ከጉዞው በፊት ወር ያህል እንጦጦ ላይ ውጡበት፣ ውረዱበት። እግር ውሃ የሚቋጥረው አንድ ቦታ ላይ ሲፋተግ ነው። ሙቀት ቢጤ እንደተሰማችሁ፣ ሳይቋጥር፣ ቁሙና ፕላስተር ለጥፉበት። «ማደሪያው ቅርብ ነው፣ እዚያ ስደርስ አየዋለሁ» አይባልም። ከጉዞው በፊት የእግር ጥፍር መቁረጥም አትርሱ። ቁልቁለቱ ላይ ረጅም ጥፍር ከጫማው ጋር እየተጋጨ ይጠቁራል።

ለጉልበት ዱላ ይበቃል። ደባርቅ ገበያ ላይ ፈልጉ።

ድንኳናችሁንና የመኝታ ከረጢቱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ማዳበሪያ ውስጥ ክተቱት። በቅሎ ላይ የሚታሰረው ገመድ ጥሩ ቦርሳ ይቆርጣል፣ ማዳበሪያ ግን ለዚያ የተፈጠረ ነው። ሲጭኑ አንድ ጊዜ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ነጂው ጉልበቱን በቅሎዋ ጎን ላይ አስደግፎ ገመዱን ይስባል፤ እሷ ሆዷን ነፍታ ትጠብቀዋለች። እሱም ያውቃታል። ትንሽ ያወራታል፣ ተንፍሳ ሆዷ ሲጎድል ያኔ ያጠብቀዋል። እናንተ ቸኩላችሁ «ጨርሰህ የለም እንዴ?» ብትሉት መንገድ ላይ የሚዞረው የናንተው ጭነት ነው።

በቅሎዎቹ ሁልጊዜ በእናንተ መንገድ አይሄዱም። አቋርጠው ቀድመው ይደርሳሉ፣ አንዳንዴም ይዘገያሉ። ስለዚህ ወፍራም ልብስ፣ የዝናብ ካፖርት፣ ሁለት ሊትር ውሃ፣ ቆሎ፣ መድኃኒት፣ የግንባር ባትሪ ከእናንተ ጀርባ አይለይም። ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባትም እንዲሁ። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚል ሰው ግጭ ደርሶ ሲመለስ አፍንጫውን እዩት። ቫዝሊን ከፀሐይ አይከላከልም።

አብረዋችሁ የሚሄዱት

ደባርቅ ላይ የመግቢያ ክፍያ ይከፈላል፤ ስካውት፣ አስጎብኚ፣ በቅሎ፣ ምግብ አብሳይ እዚያው ነው የሚያዘው። መሣሪያ የያዘ ስካውት ግዴታ ነው። የበቅሎውን ሒሳብ ስትነጋገሩ የመመለሻውን ቀን አትርሱ። እናንተ ከጨነቅ በመኪና ብትመለሱም በቅሎዋ በእግሯ ነው የምትመለሰው፣ ያም ቀን ይከፈላል።

ስካውቱ አብዛኛውን ጊዜ ከእናንተ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ነው። «አንተ» እያሉ መጣራት ደስ አይልም። እኔ «አያ» እላለሁ፣ በአገሩ አነጋገር። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ይለሰልሳል። የምግብ ሒሳብ ስትሠሩ እነሱንም ቁጠሩ። ብዙዎቹ የራሳቸውን በሶ ይይዛሉ፤ ቢሆንም አብሮ መብላት የአገሩ ወግ ነው። የተፈጨ ቡና ትርፍ አድርጋችሁ ያዙ። ማደሪያ ስትደርሱ አንድ ስኒ ቡና ስትሰጧቸው በማግስቱ ጭላዳው ጠዋት የሚወጣበትን ቦታ ሳትጠይቁ ይነግሯችኋል።

መንገዱ ላይ

በደባርቅና በሳንቃ በር መሐል ካለው ከቡይት ራስ እስከ ሳንቃ በር ግማሽ ቀን ያህል ነው፤ ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል። አካሄዳችሁን እዚህ ወስኑ። ማውራት እየቻላችሁ ከሄዳችሁ ልክ ነው። ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ መተንፈስ ካስፈለጋችሁ ፈጥናችኋል። ጭላዳ ስታገኙ ቁጭ በሉና ዝም በሉ። መንጋው እየጋጠ በዙሪያችሁ ያልፋል። እጃቸው ሳር ሲነጭ የሚሰማው ድምፅ፣ ጭርጭር የሚለው፣ መቶ ሰው ባንድ ላይ ጎመን የሚቀነጥስ ነው የሚመስለው። ወንዱ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ካሳያችሁ ቀርባችኋልና ፈቀቅ በሉ። ምግብ አትስጡ። በዓለም ላይ ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፣ የሚኖሩትም በሳር ነው፤ ብስኩት ያስለመዳቸው ሰው ለቀጣዩ መንገደኛ ነው ጣጣ የሚተወው።

ከሳንቃ በር ወደ ግጭ አምስት ስድስት ሰዓት አስቡ። የጅንባርን ፏፏቴ በአፋፉ ላይ አይታችሁ፣ ወደ ወንዙ ወርዳችሁ፣ መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ግጭ ስትደርሱ ሜዳው ጓሳና ጅብራ ነው። ድሮ እዚህ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ በ2016 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወደ ደባርቅ እንዲሰፍር ተደርጓል። ፓርኩ በዩኔስኮ መዝገብ የገባው በ1978 ነው፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ተመድቦ በ2017 ነው ከዚያ የወጣው። ሰው ከነርስቱ ተነስቶ የተገኘ ሳር መሆኑን ድንኳን ስትተክሉ ብታስቡት አይከፋም።

ማታ እራት ሳትበሉ አትተኙ፤ ባዶ ሆድ አይሞቅም። የቀኑን ካልሲ አውልቃችሁ ደረቅ አድርጉ። የብረት ኮዳ ካላችሁ የፈላ ውሃ ሞልታችሁ እግራችሁ ሥር አስገቡ። ሃይላንድ ላይ ግን የፈላ ውሃ አታድርጉ፣ ተጨማዶ ይፈሳል። ስልካችሁንም ከረጢቱ ውስጥ አስገቡት፣ ብርዱ ባትሪውን ይበላዋል። ጫማ ውጭ አያድርም፤ ጅብ አለ።

ከግጭ ጨነቅ በእሜት ጎጎ በኩል ረጅሙ ቀን ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ብትነሱ ጥሩ ነው። እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ሲሆን በሦስት በኩል ገደል ነው። አጥር የለም፣ ንፋሱ ድንገት ይመጣል። ፎቶ የሚነሳ ሰው ወደ ኋላ አይራመድ። ጨነቅ ስትደርሱ ዋልያው ማታና ማለዳ ወደ ገደሉ አፋፍ ይቀርባል፤ ከዚህ ተራራ ውጭ የትም ስለሌለ ድካማችሁን ይክሳል። ምግባችሁን ግን ክደኑ። የጨነቅ ቁራ መንቁሩ ወፍራም ነው፣ ላስቲክ ምኑም አይደለም።

ሽንት ቤት ከሌለ ከውሃ 70 እርምጃ ያህል ራቁ፣ ስንዝር ያህል ቆፍሩ፣ መልሳችሁ ቅበሩ። ሶፍቱን በላስቲክ ይዛችሁ ተመለሱ።

ራስ ደጀን ካማራችሁ

ብዙ ሰው ጨነቅ ላይ ይበቃዋል፣ ምንም አይጎድልበትም። ጉልበቱና ቀኑ ያለው ግን ከጨነቅ የቧሂትን በር 4,200 ሜትር ገደማ ላይ ያቋርጣል፣ ከዚያ እስከ መሸሃ ወንዝ ድረስ ይወርዳል፣ ወደ አምቢቆ መልሶ ይወጣል። ጉልበት የሚፈትነው ይህ ቁልቁለት ነው፤ እዚህ ዱላው ዋጋውን ያወጣል። አምቢቆ 3,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከግጭና ከጨነቅ ዝቅ ብላችሁ ነው የምታድሩት፣ እንቅልፉም ይሻላል። ሁለት ሌሊት እዚያ ያዙ፤ አንዱ ለመውጫ፣ አንዱ ለመመለሻ።

የመውጫው ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው መነሳት፤ 4,550 ሜትር ገደማ ያለው ጫፍ ከአምቢቆ 1,350 ሜትር ከፍ ይላል። የመጨረሻዋ ዓለት እጅም ትፈልጋለች፤ ጓንት ያዙ፣ ዱላውን ሥሯ ተዉት። ስካውቱ «ደርሰናል» ሲል አትመኑት፣ ለእሱ አንድ ሰዓት ቅርብ ነው። ሰዓታችሁን ግን እመኑ። ቀትር 6 ሰዓት ላይ ጫፉ ላይ ካልሆናችሁ ተመለሱ፤ ከሰዓት በኋላ ጉም ይገባል፣ ወደ አምቢቆ የሚወስደው ድንጋያማ መንገድም በባትሪ ብርሃን አይወረድም።